መንገዱ ሲቆረጥ፦ ራቅ ያለ ቀበሌ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በራሱ የሚወጣበት አሠራር

በየዓመቱ የበልጉ ዝናብ ሲቃረብ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰኛል። ሐዋሳ ተቀምጬ ከሲዳማ ደጋ፣ ከቢላቴ ወንዝ ዳርና ከአባያ ሐይቅ ዙሪያ የሚደውሉልኝ ሰዎች፣ «መንገዱ ተቆርጧል፤ ዕርዳታ እስኪደርስ ምን እናድርግ?» ይሉኛል። ጥያቄው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ናዳው ከወረደ ወይም ወንዙ ከሞላ በኋላ ስለሆነ በስልክ የምሰጠው መልስ ጎደሎ ነው፤ የሥራው ትልቁ ክፍል ከዝናቡ በፊት መጠናቀቅ ነበረበትና። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ናዳ ለሚያሰጋው ተዳፋት፣ ለወንዝ ዳር መንደርና እንደ ጊዲቾ ላለ የሐይቅ ደሴት ያገለግላል። ሦስት ቀን ያልኩት ዕርዳታው በአራተኛው ቀን ይደርሳል ማለቴ ሳይሆን፣ አንድ ቀበሌ በራሱ አቅም ሊያዘጋጅ የሚችለው መጠን በግምት ይህን ያህል በመሆኑ ነው።

ሥራውን የሚይዝ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም ይልቅ እድሩን መነሻ አድርጉ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ የአባላት መዝገብና ጥሩምባ ነፊ ያለው እሱ ነው። በእድሩ ዳኛ ላይ የቀበሌውን ሥራ አስኪያጅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን፣ የግብርና ልማት ሠራተኛውን፣ አንድ መምህርና ሞተር ብስክሌት ያለው አንድ ወጣት ጨምሩ። ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ምክንያቱን ስለ መጸዳጃና ስለ ዕደላ የሚናገሩት ደረጃዎች ላይ ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዝርዝሩ ለ100 ቤተሰብ፣ ማለትም ለ500 ሰው ያህል የተሰላ ነው።

– ክዳናቸው የሚገጥም ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች፣ ቢያንስ 75። በየቤቱ ያለውን ቆጥሩ እንጂ አዲስ መግዛት አያስፈልግም።
– 5 በመቶ ክሎሪን ያለውና ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና፣ 3 ሊትር፤ ከእሱም ጋር ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ።
– ኦአርኤስ፣ 100 ከረጢት፤ ከጤና ኬላው ጋር ተነጋግራችሁ የምታስቀምጡት።
– አካፋ 10፣ ዶማ 10፣ መጥረቢያ 4፣ ወፍራም ገመድ 100 ሜትር።
– ለቃሬዛ የሚሆኑ ጠንካራ አጣናዎች 8 እና ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ 4።
– ሸራ፣ የእድሩን ድንኳን ሳይጨምር 20።
– በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ 1፣ የሶላር መብራት 5፣ ስልክ የሚሞላ ሶላር 1።
– በሶና ቆሎ፣ እያንዳንዱ ቤት ለሦስት ቀን የሚበቃውን በራሱ ያዘጋጃል።
– ደብተር 3፣ እርሳስ 1 ፓኬት፣ ውሃ የማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት።

በሶና ቆሎ የመረጥኩት በዝናብ ወቅት ደረቅ እንጨት ስለማይገኝ ነው። ጥሬ እህል ይዞ የወጣ ቤተሰብ እህል እያለው ጾሙን ያድራል።

ደረጃ 1፦ መውጫውን በዝናብ ቀን በእግር ሂዱበት

ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ውሃው ከዚህ በፊት የደረሰበትን ከፍታ ጠይቁ፤ ዛፍ ወይም የቤት ግድግዳ ላይም ምልክት አድርጉ። ከዚያ በላይ ያለ፣ ከቆመ ገደል ሥር ያልሆነና መጸዳጃ ሊቆፈርበት የሚችል መሰብሰቢያ ምረጡ፤ ወደዚያ የሚወስዱ ሁለት የተለያዩ መንገዶችም ለዩ። ይህን በጥር ወር ብትሠሩት ትሳሳታላችሁ፤ በጥር ደረቅ የሆነው ቀጭን መንገድ በሚያዝያ የውሃ መውረጃ ይሆናል። በደሴት ላይ መሰብሰቢያው የጀልባ ማቆሚያው አጠገብ እንዲሆን የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው፤ ሐይቁ ሲነሣ ቀድሞ የሚሰጥመው ግን እሱ ስለሆነ ከፍ ያለውን ቦታ ምረጡ።

ደረጃ 2፦ የሰው መዝገብ አዘጋጁ

አንድ ደረጃ ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያለው ቀበሌ ይህን ይሥራ። ማን እንደጠፋ የሚታወቀው ማን እንደነበረ ከታወቀ ብቻ ነው፤ ዕርዳታው ሲመጣ የሚታደለው፣ ጉዳቱ ሲጣራም የሚመሳከረው በዚሁ መዝገብ ነው።

ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር ስጡና የአባወራውን ወይም የእማወራዋን ስም፣ በዚያ ቤት ሌሊት የሚያድሩትን ሰዎች ብዛት፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትን፣ ያለ ረዳት መራመድ፣ ማየት ወይም መስማት የማይችለውን ሰው መዝግቡ። «የቤተሰቡ ብዛት» ሳይሆን «የሚያድሩት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሐዋሳ ለትምህርት የመጣ ልጅ በቤተሰብ ቁጥር ውስጥ ከገባ ናዳ በወረደ ሌሊት የሌለ ሰው ስትቆፍሩ ታድራላችሁ፤ ከአጎቱ ቤት የሚያድረው እረኛ ደግሞ የትም ሳይጻፍ ይቀራል።

በመጨረሻው ዓምድ ላይ ረዳት የሚያስፈልገውን ሰው የሚያወጣውን ጎረቤት በስም ጻፉ። «ወጣቶቹ ያወጧቸዋል» የሚል ሐረግ አትቀበሉ፤ የሁሉም የተባለ ሥራ በጨለማ የማንም አይሆንም። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ «መድኃኒት ይዞ ይውጣ» ብቻ በሉ እንጂ የበሽታውን ስም አትጻፉ፤ መዝገቡ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ሰው ሚስጥሬ ይወጣል ብሎ ከፈራ ትክክለኛውን አይነግራችሁም።

በእርሳስ ጻፉ። አንድ ጊዜ ጎርፍ ከገባበት ቢሮ የወጣ መዝገብ አምጥተውልኝ ገጾቹን አንድ በአንድ ስገልጥ የእስክሪብቶው ቀለም ተሟሙቶ ወረቀቱ ሙሉ ለሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ሊነበብ የቻለው አንድ ሰው በእርሳስ ዳር ላይ ያሰፈረው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። መዝገቡን በሦስት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ በእድሩ ዳኛ ቤት፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፤ ሦስተኛውን ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ሐዋሳ ወይም ሌላ ከተማ ለሚኖር ታማኝ የአካባቢው ተወላጅ ላኩ። የመንደሩ ስልክ ሲጠፋ ስለ መንደሩ ለወረዳና ለዞን የሚናገረው ይህ ሰው ነው። መዝገቡን በዓመት ሁለቴ፣ አንዴ ከበልግ አንዴም ከክረምት በፊት፣ አድሱት።

ደረጃ 3፦ ማስጠንቀቂያው በማን ሥልጣን እንደሚነፋ ወስኑ

ጥሩምባው ለሐዘን ከሚነፋበት ድምፅ የተለየ ምልክት ይኑረው፤ ለምሳሌ ሦስት አጭር፣ ፋታ፣ እንደገና ሦስት አጭር። አለበለዚያ ሰው ማን ሞተ ብሎ ነጠላውን ፈልጎ ወደ ታች ይወርዳል። የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ማስነፋት የሚችሉ ሦስት ሰዎችን በስም ሰይሙ፤ ሊቀመንበሩ እስኪገኝ መጠበቅ ያለችውን ጥቂት ደቂቃ ይበላል።

ለማስነፋት በቂ የሆኑትን ምልክቶችም አስቀድማችሁ ተስማሙባቸው። በተዳፋት ላይ፦ በመሬቱ ወይም በግድግዳው ላይ የተከፈተ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ ወይም የመብራት እንጨት፣ ያለወትሮው አልዘጋም ያለ በር፣ ጥርት ብሎ ሲወርድ ኖሮ የደፈረሰ ወይም በድንገት የደረቀ ምንጭ። በወንዝ ዳር ደግሞ ከሁሉም የሚያታልለው ምልክት ዝናቡ እየዘነበ የወንዙ ውሃ በድንገት ሲጎድል ነው። ብዙ ሰው ጎደለ ብሎ ይረጋጋል፤ ነገር ግን ላይኛው ተፋሰስ ላይ ናዳ ወንዙን ገድቦት ሊሆን ይችላል፤ ግድቡ ሲሰበር የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚወጣውን የዝናብ ትንበያ በሬዲዮ የሚከታተል አንድ ሰውም መድቡ።

ልምምዱን ቢያንስ አንድ ጊዜ በሌሊት አድርጉት። በቀን የተደረገ ልምምድ የመብራቱን ጉድለትና የአጥሩን እሾህ አያሳያችሁም።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡ፤ ቁልፉንም በሁለት ሰው እጅ

መጋዘኑ መሰብሰቢያው አጠገብ ይሁን። ቁልፍ ያዢው ከወንዙ ማዶ የሚኖር ስለነበረ አካፋው ተቆልፎበት ሰዎች በእጃቸው ጭቃ ሲዝቁ የዋሉበትን ቀበሌ አውቃለሁ። በረኪናውን ከፀሐይ አርቁ፤ ኃይሉ በጊዜ ብዛት ስለሚቀንስ በየዓመቱ ቀይሩት፤ አሮጌውን ለልብስ ማጠቢያ ሽጡት። ቆጮ የምታኖሩበትን ጉድጓድም ከውሃው ምልክት በላይ ቆፍሩ።

ደረጃ 5፦ አደጋው ሲደርስ መጀመሪያ ውጡ፣ ቀጥሎ ቁጠሩ

ምልክቱ ሲነፋ ሰው ብቻ ይወጣል። ከብቶቹን ፍቱ እንጂ አትንዱ፤ የተፈታ ከብት ራሱ ከፍታ ይፈልጋል። መሰብሰቢያው ላይ መምህሩ መዝገቡን ይዞ ቤት በቤት ይጥራ፤ ያልተገኘውን ሰው መጨረሻ ያየው ማን እንደሆነና የት እንዳየው ከስሙ አጠገብ ይጻፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሚወርድ ጎርፍ ውስጥ አትራመዱ። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ጎልማሳን ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። በሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሣ ወይም ሲመሽ አትሻገሩ፤ አባያ ላይ አዞም አለ። የዋና ጃኬት ከሌለ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቃችሁ በደረት ላይ እሰሩ፤ በእጅ የተያዘ ጀሪካን በመጀመሪያው ማዕበል ያመልጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ናዳ በወረደበት ላይ ሁለተኛ ናዳ ይወርዳል። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ወንድሙ የተቀበረበትን ሰው ቁም ማለት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ስለዚህ ክልከላ ሳይሆን ሥርዓት አዘጋጁለት። ከላይ ስንጥቁንና የሚንከባለለውን ድንጋይ የሚመለከት አንድ ሰው ጥሩምባ ይዞ ከጎን በኩል፣ ከናዳው መውረጃ ውጭ ይቁም። በአንድ ጊዜ የሚቆፍሩት ከ10 አይብለጡ፤ ወደ የትኛው ጎን እንደሚሸሹም ሳይጀምሩ ይወስኑ፤ ሽሽት ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይደለም። ተራ ጠባቂዎቹና አልቃሹ ሁሉ ርቀው ይጠብቁ። በየጥቂት ደቂቃው ሁሉም ሥራ አቁሞ ዝም ይበልና ከሥር ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጥ። ዝናቡ ከጠነከረ ቁፋሮው ይቁም።

ደረጃ 6፦ መልእክቱን በጽሑፍ ላኩ

ድምፅ የማያሳልፍ ደካማ መረብ የጽሑፍ መልእክት ሊያሳልፍ ይችላል፤ የተጻፈ ቁጥርም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እንደሚያብጠው ወሬ አያብጥም። ቅጹ ይህን ይምሰል፦

«ናዳ፣ ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። የሞተ የለም፣ የጠፋ 2፣ የቆሰለ 5፣ ከእነሱ 2 በቃሬዛ የሚወርዱ። ቤት አጥቶ ትምህርት ቤት ያረፈ 31 ቤተሰብ፣ 160 ሰው። መኪና እስከ ድልድዩ ይገባል፤ ከዚያ በእግር 2 ሰዓት። የሚያስፈልግ፦ ቃሬዛ ተሸካሚ፣ ሸራ 31፣ የውሃ ማከሚያ። ቀጣዩ መልእክት ቀን 6 ሰዓት።»

በመልእክቱ መጀመሪያ የወረዳውንና የቀበሌውን ስም፣ በመጨረሻው የላኪውን ስም ጨምሩ። በጣም የሚረሳውና በጣም የሚጠቅመው መኪናው የት ድረስ እንደሚገባ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱ ከሌለ የተጫነ መኪና ድልድዩ ጋ ደርሶ ይመለሳል። መልእክቱን ለወረዳው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ጽሕፈት ቤትና መዝገቡን ለያዘው የከተማ ሰው ላኩ፤ ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። መረብ ከሌለ ያው ጽሑፍ በወረቀት ተጽፎ በሁለት ሰው፣ በሁለት የተለያየ መንገድ ይላክ። የማማው ባትሪ እስኪያልቅ ስልክ ሊሠራ ስለሚችል የመጀመሪያውን ሰዓት ለዘመድ ጥሪ አታባክኑት፤ ከአንድ ስልክ በቀር ሌላው ይጥፋ።

ደረጃ 7፦ ውሃና መጸዳጃ

ከጎርፍ በኋላ ምንጩም የእጅ ጉድጓዱም ከመጸዳጃ ጋር ተቀላቅሏል ብላችሁ ውሰዱት። ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብትይዙ 500 ሰው 1,500 ሊትር፣ ማለትም 75 ጀሪካን ይፈልጋል። ለማብሰያና ለንጽሕና ጭምር ሲሆን በሰብአዊ ዕርዳታ የሚሠራበት መለኪያ በቀን 15 ሊትር ነው፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ማሟላት አትችሉም፤ ከጣሪያ የሚወርድ ዝናብ ለእጅና ለዕቃ መታጠቢያ እያጠራቀማችሁ ቀስ በቀስ ቅረቡት።

ውሃውን ካረጋችሁ በኋላ በአራት የታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉ። ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 2 ሚሊ ሊትር በረኪና በስሪንጅ ለክታችሁ ጨምሩ፤ ከተጠለለም በኋላ የሚደፈርስ ከሆነ 4 ሚሊ ሊትር ይሁን። ቀላቅላችሁ ክዳኑን ከገጠማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ክሎሪኑ ሥራውን የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ሲከፈት ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ያንኑ መጠን ደግማችሁ ጨምሩና ጠብቁ። ውሃ አጋርን የመሰለ ለመጠጥ ተብሎ የተዘጋጀ ማከሚያ ካላችሁ ግን የበረኪናውን ልክ አትጠቀሙበት፤ ጥንካሬው ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ።

ለተቅማጥ ኦአርኤስ ካለቀ 1 ሊትር የታከመ ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አብዝቶ መጨመር ሕፃን ይጎዳል፤ ስለዚህ ማንኪያው በቢላዋ ጀርባ ይስተካከል።

መጸዳጃ በመጀመሪያው ቀን ቆፍሩ፤ ለ50 ሰው አንድ ጉድጓድ መነሻ ነው፤ ከላይ ለተጠቀሱት 160 ሰዎች 4 ማለት ነው። ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውሃው ወደ ታች በኩል ይሁን፤ የሴቶቹ ከወንዶቹ ተለይቶ መብራት ይደረግበት። ቦታውን ሴቶቹ ይምረጡት፤ ወንዶች የመረጡት ጨለማ ቦታ በሌሊት ማንም ሳይሄድበት ሲቀር፣ የሰፈሩ ጓሮ ሁሉ መጸዳጃ ሲሆን አይቻለሁ።

የጎርፍ ውሃ የገባበት ቆጮ ይደፋ፤ ታጥቦ ይበላል የሚለውን አትስሙ።

ደረጃ 8፦ ዕደላ

የመጣውን በመዝገቡ ቅደም ተከተል፣ በአደባባይ ስም እየጠራችሁ አድሉ፤ ተቀባዩም ይፈርም ወይም አሻራውን ያኑር። የቤቷ እናት እንድትቀበል ቢደረግ እህሉ ምጣድ ላይ ይደርሳል። የተረፈውን ቁጥር ለሕዝቡ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ደረጃ 9፦ ጉዳቱን በሳምንቱ ውስጥ መዝግቡ

መልሶ ማቋቋም የሚዘገየው በአመዛኙ ዝርዝሩ ሲታረምና ሲመለስ ነው። ቤት በቤት እየሄዳችሁ የፈረሰውን ቤት፣ ናዳ የሸፈነውን የእንሰትና የቡና ማሳ በጥማድ ወይም በሄክታር፣ የሞተውን ከብት በዓይነት፣ የጠፋውን መታወቂያና የመሬት ደብተር ጻፉ። ፎቶው ውስጥ የቤቱ ባለቤት ቆሞ ይታይ፤ ባዶ ፍርስራሽ የማንም ቤት ሊሆን ይችላል። ቁጥር አታብዙ፤ አጣሪው አንድ የተጋነነ መስመር ካገኘ የቀረውንም እንደገና መቁጠር ይጀምራል፤ ወረፋችሁም ወደ ኋላ ይሄዳል። ጉዳቱ ሳይጻፍና ፎቶ ሳይነሣ ፍርስራሹን አታንሡ፤ የሞተ ከብት ግን ፎቶ እንደተነሣ ከውሃ ርቆ በጥልቅ ይቀበር።

ከግብርናው ጽሕፈት ቤት ዘር ስትጠይቁ የወቅቱን ቀሪ ወራት አስሉ። የበልጉ ማሳ በግንቦት ከተበላሸ ለረጅም ጊዜ ሰብል ጊዜ የለም፤ እንደ ቦሎቄ ያለ ቶሎ የሚደርስና የስኳር ድንች ቁርጥራጭ ጠይቁ። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈልግ ችግኙን ከዘሩ ጋር በአንድ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ብቻውን ለሚቀጥለው ዓመት የተተወ ጥያቄ ይረሳል። ትምህርት ቤቱ መጠለያ ከሆነ ደግሞ ሰዎቹ ወደ ሸራ የሚዛወሩበትን ቀን በመጀመሪያው ሳምንት ቁረጡ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

የመጀመሪያው የመጣውን ልብስ ሁሉ መቀበል ነው፤ ክምሩን የሚለይ ሰው ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ነበር፤ ሐዋሳ ያሉ ተወላጆች በልብስ ፈንታ በቴሌብር ገንዘብ ቢልኩ ሸራና በረኪና ይገዛበታል። ሁለተኛው በረኪናን በዓይን መገመት ሲሆን፣ በዝቶ የመረረውን ውሃ ሕፃናት እምቢ ብለው የወንዙን ይጠጣሉ። ሦስተኛው ዝናቡ ባባራ ማግሥት ወደ ተዳፋቱ መመለስ ነው፤ ውሃ የጠገበ አፈር ዝናቡ ካቆመ ከቀናት በኋላም ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ማዶ ፊት ለፊት ሁለት ችካል ትከሉና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ጠዋትና ማታ በገመድ ለኩ፤ ርቀቱ እየሰፋ ከሆነ ማንም አይመለስ፤ መስፋቱ ቢያቆምም የወረዳው ባለሙያ ሳያየው የመጀመሪያዋ እናት ልጆቿን ይዛ አትግባ።